ቅዳሜ እንዴት ይነሳል? ስለ «ፒክ አፕ» ትንሽ ማብራሪያ

አሜሪካ ከገባሁ ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። አርብ ማታ ልብሴን ቀይሬ ልወጣ ስል አለቃዬ በር ላይ አገኘችኝ። «ካን ዩ ፒክ አፕ ሳተርደይ?» አለችኝ።

«ፒክ አፕ» አውቃለሁ፤ ማንሳት ነው። «ሳተርደይ»ም አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ነው። ሁለቱን ሳገጣጥማቸው «ቅዳሜን ልታነሳ ትችላለህ?» ሆነብኝ። ወለሉን አየሁ። የወደቀ ነገር የለም። እሷ ቆማ መልስ ትጠብቃለች። «የስ» ብያት ወጣሁ። ግራ የገባው ሰው መልስ መቼም «የስ» ነው። በነጋታው ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ለጥ ብዬ ተኝቻለሁ።

ለካ የጠየቀችኝ የቅዳሜን ፈረቃ ትሠራለህ ወይ ነው። አንዷ ሠራተኛ ስለማትመጣ ቦታው ክፍት ሆኗል። የሚሞላው ሰው ፈልጋለች። እኔ ደግሞ «የስ» ብዬ በእንቅልፍ ሞላሁት።

የጎደለኝ ቃል አልነበረም። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። «ፒክ» እና «አፕ» አንድ ላይ ሲሆኑ ከሁለቱም ያልነበረ ነገር እንደሚወልዱ ነው ያላወቅኩት። ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው ይሄ ነው። እንግሊዝኛ አንድ ተራ ግስ ይወስድና አፕ፣ ኦፍ፣ አውት፣ ኦን የመሰለ ትንሽ ቃል ከኋላው ይለጥፍበታል። ከዚያ ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። «ፒክ» ብቻውን መልቀም ወይም መምረጥ ነው። ቡና ለቀማ ለማለት የሚጠቀሙት ይሄንኑ ቃል ነው። «ፒክ አውት» ካሉ ከብዙ መሃል ለይቶ ማውጣት ነው። «ፒክ ኦን» ካሉ ደግሞ አንድን ሰው ጥምድ አድርጎ መያዝ ነው። ትምህርት ቤት ጉልቤው ትንሹን ልጅ የሚያደርገው ማለት ነው። «አፕ» ሲመጣማ ትርጉሙ ከአስር ያልፋል።

ነገሩ እንግዳ ይመስለናል እንጂ እኛም አለን። እስቲ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በሉ። ግሱ አንድ ነው። መሃል የገባችው አንዲት ፊደል ናት አንዱን ወደ ቤቱ የምትልክ፣ ሌላውን ወህኒ የምታወርድ። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንዲሁ። «ዝም አለ» የሚለውንማ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ጠይቁት። «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው ተብሎ ተምሯል። ታዲያ አፉን የዘጋ ሰው እንዴት «አለ» ይባላል? እኛ አንድም ቀን አስበነው አናውቅም። እነሱም ስለ «ፒክ አፕ» እንደዚያው ናቸው። ለምን እንደዚህ ትላላችሁ ብትሏቸው መልሳቸው «እንጃ» ነው።

ችግሩ የቆየ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ጽፎታል። ግስ ላይ ትንሽ ቃል እየጨመሩ ትርጉም መቀየር በእንግሊዝኛ በጣም የበዛ ነው፣ የውጭ ሰውንም እጅግ የሚያስቸግረው ይሄ ነው ይላል። እኔ ወለሉ ላይ ቅዳሜን ከመፈለጌ ከ250 ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑ ነው። ፍሬዛል ቨርብ የሚለው ስም ግን የመጣው ቆይቶ ነው። ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው መጽሐፍ ነው ያስተዋወቀው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ «ፒክ አፕ» እንምጣ። የትርጉሙን ዝርዝር መሸምደድ አልመክርም። ሞክሬው ነበር፤ በሳምንቱ ጠፋብኝ። እኔን የረዳኝ አንድ ሥዕል ነው። አንድ ነገር የሆነ ቦታ ተቀምጧል። ወይ ወድቋል፣ ወይ የሚወስደው ሰው ይጠብቃል። አንድ ሰው በዚያ ያልፋል። ብዙም ሳይደክም ያዝ አድርጎት ይሄዳል። አብዛኛው «ፒክ አፕ» ከዚህ ሥዕል ይወጣል። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ደግሞ ግሱ አይደለም፤ አብሮት ያለው ስም ነው። ስለዚህ «ፒክ አፕ» ስትሰሙ ጆሯችሁን ወደ ስሙ ላኩ።

ስሙ እስክሪብቶ ከሆነ ከመሬት ማንሳት ነው። ስልክ ከሆነም ጣጣ የለውም። «ሂ ኢዝንት ፒኪንግ አፕ» ማለት ስልኩን አያነሳም ማለት ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ እንዲህ ሲስማሙ ደስ ይላል። ፈረቃ ከሆነ የእኔን ጉድ አይታችኋል፤ ባለቤት ያጣ ሥራ ተቀምጧል፣ እኔ ልያዘው ነው።

ልጅ ከሆነ ከትምህርት ቤት ማምጣት ነው። ይሄንን ውጭ ያለ ወላጅ አማርኛ አድርጎታል። «ልጆቹን ፒክ አፕ ላድርግና እደውልልሻለሁ» ያልተባለበት ቀን የለም። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ያውቃል። የቀን ውሎው ግማሹ ፒክ አፕ፣ ግማሹ ድሮፕ ኦፍ ነው። ድሮፕ ኦፍ ለእኛ ይቀለናል። «መገናኛ ጣል አድርገኝ» እንል የለ? ቁርጥ እሱ ነው። ፒክ አፕን ግን «ነገ አንሳኝ» ብላችሁ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛችሁ ብትልኩለት መኪና ሳይሆን ካሜራ ይዞ ሊመጣ ይችላል። «መጥተህ ውሰደኝ» ነው የሚሻለው።

ወተት ወይም ዳቦ ከሆነ መግዛት ነው። «ፒክ አፕ ሳም ሚልክ» ማለት «ስትመጣ ወተት ያዝ» ማለት ነው። አማርኛውም ስለ ክፍያ አያወራም፤ ግን ማንም በነፃ አይሰጥህም። ከፋርማሲ የሚመጣው የስልክ መልእክት ላይ ያለው «ሬዲ ፎር ፒክ አፕ»ም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ መጥተህ ውሰድ ነው። ኢንሹራንሱ ከፍሎታል ማለት አይደለም። ሒሳቡ እዚያው መስኮቱ ጋ ይጠብቃል። ምግብ ቤት ስትደውሉ «ፒክ አፕ ኦር ዴሊቨሪ?» ካሏችሁ ደግሞ ራሳችሁ ትመጣላችሁ ወይስ እናምጣላችሁ ነው ጥያቄው። እዚህ ላይም «የስ» አይሠራም።

ሒሳብ ከሆነስ? ጠረጴዛው ላይ ወረቀቷ ተቀምጣለች። ሁሉም ያያታል። አንዱ ብድግ ያደርጋታል። «ሂ ፒክድ አፕ ዘ ታብ» ማለት ሒሳቡን እሱ ዘጋው ነው። ሐበሻ ጠረጴዛ ላይ ይሄ እንዲህ በሰላም አያልቅም። «በእናትህ! እኔ ነኝ!» አለበት፣ ኪስ ለኪስ መያያዝ አለበት። እንግሊዝኛው ግን ለዚያ ትግል ቃል የለውም።

ቆም ብዬ ማየት የምፈልገው ቋንቋ ላይ ነው። ሆቴሉ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። ዓመት ሳይሞላ አንሶላ፣ ፎጣ፣ ቶሎ በል፣ አለቃዋ መጣች የሚሉትን በስፓኒሽ ማለት ቻልኩ። ማንም አላስተማረኝም። ይሄን ነው «አይ ፒክድ አፕ ሳም ስፓኒሽ» የሚሉት። አማርኛ ላይ «ማንሳት» እዚህ አይሠራም። «መልቀም» ግን ይሠራል። ልጁ ስድቡን ከየት አመጣው ሲባል «ከሰፈር ለቅሞ» እንላለን። «ወሬ ለቃሚ»ም አለን። ሥዕሉ ያው ነው። ቃሉ መንገድ ላይ ተበትኗል፣ አላፊው ይለቅመዋል።

ለዚህም ነው ሰባት ዓመት ተቀምጦ ሕክምና የተማረ ሰው «አይ ፒክድ አፕ ሜዲሲን» የማይለው። ካለ ወይ ይቀልዳል፣ ወይ ወደ እሱ ክሊኒክ አትሂዱ። የሥራ ማመልከቻ ላይ «ሒሳብ አያያዝ ፒክ አፕ አድርጌያለሁ» ብሎ መጻፍም አይበጅም። አንባቢው ሰው ሲሠራ እያየህ እንደለቀምከው ነው የሚረዳው። ኩሽና ውስጥ ከእናትህ ጎን ቆመህ ወጥ መሥራት ከለመድክ ግን ትክክለኛው ቃል ይሄ ነው። መምህርና ፈተና የሌለበት ትምህርት ነው።

በሽታም ይለቀማል። «አይ ፒክድ አፕ ኤ ኮልድ» ይላሉ። እኛ ጉንፋን ይይዘናል፤ እነሱ ጉንፋኑን ያነሱታል። ባለቤቱና ተሳቢው ቦታ ተቀያየሩ። የትኛው ልክ ነው ብትሉኝ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ያደረ ሰው የአማርኛውን ይመርጣል። ሬዲዮና ማይክሮፎንም «ፒክ አፕ» ያደርጋሉ። አየር ላይ ያለውን ድምፅ ይስባሉ። የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ከክሮቹ ሥር ያለችው መሣሪያ ስሟ ራሱ ፒክ አፕ ነው፤ የክሩን ንዝረት ለቅማ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ትቀይረዋለች።

ከዚህ ሥዕል የሚያፈነግጥ አንድ ዘመድ አለ። እዚህኛው ላይ «አፕ» ወደ ላይ መውጣትን ይዛለች። «ዘ ዊንድ ፒክድ አፕ» ሲሉ ነፋሱ በረታ ነው። «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ካሉ ገበያው መድራት ጀመረ፣ ነቃ ነቃ አለ ነው። ማንም ምንም አላነሳም። መለያው ቀላል ነው፤ ከኋላ ተሳቢ የለም። ስልክ የማያነሳው ሰውም ተሳቢ የለውም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እሱን የሚለየው ባለቤቱ ነው። ሰው ከሆነ ስልክ ነው፣ ነፋስ ወይም ገበያ ከሆነ መጨመር ነው። መኪና ፍጥነት ሲጨምር የሚባለው «ፒክ አፕ ስፒድ» ደግሞ ከኋላው «ስፒድ» ቢከተለውም ከዚሁ ጎራ ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው እንየው። «አነሳ» የእኛም ጉደኛ ግስ ነው። ፎቶ ይነሳል። ጥያቄ ይነሳል። እገዳ ይነሳል። ዋንጫ ይነሳል። ክርስትናም ይነሳል። አንዳቸውም «ፒክ አፕ» አይሆኑም። ፎቶ «ቴክ» ነው የሚባለው። ጥያቄ «ሬይዝ»፣ እገዳና ዋንጫ «ሊፍት» ናቸው። አንድ ቱሪስት ጋ ሄዳችሁ ስልካችሁን እያቀበላችሁ «ፕሊስ ፒክ አስ አፕ» ብትሉት መኪና የለኝም ይላችኋል። ጉልበተኛ ከሆነ ደግሞ ጎንበስ ይል ይሆናል። ክርስትና ላነሳችሁለት ልጅ «ጎድፋዘሩ ነኝ» በሉ፣ ይበቃል። «ክርስትናውን ፒክ አፕ አደረግኩ» ካላችሁ ሰሚው ሃይማኖት የቀየራችሁ ይመስለዋል።

አሁን ስለ ሰዋስው። አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፣ ግን ሁላችንም እንስተዋለን። ስም ሲሆን ቦታው እንደፈለጋችሁ ነው። «ፒክ አፕ ዘ ፎን»ም «ፒክ ዘ ፎን አፕ»ም ይባላል። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን የግድ መሃል ይገባል። «ፒክ ኢት አፕ»፣ «ፒክ ሂም አፕ»። «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም። እኛ የምንስተው አማርኛ ተሳቢውን ጭራ ላይ ስለሚቀጥል ይመስለኛል። «አነሳሁት» ስንል «ት» መጨረሻ ላይ ናት። ስለዚህ አፋችን ግሱን ጨርሶ ነው «ኢት»ን የሚያስታውሰው።

ከሕጉ የባሰው ጆሮ ነው። አሜሪካኖች «ፒክ ኢት አፕ»ን ሦስት ቃል አድርገው አይሉትም። «ፒኪዳፕ» ነው የሚሉት። «ኢት» ላይ ያለችው «ት» በሁለት አናባቢ መሃል ስትገባ ትለሰልሳለች። «ፒክ ሂም አፕ» ደግሞ «ሂ»ዋ ተውጣ «ፒኪማፕ» ይሆናል። ወራት ሙሉ «ፒኪዳፕ» የሚል አንድ ቃል ያለ መስሎኝ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጌዋለሁ። በሠራተኞች ክፍል የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንድ ቀን ጮክ ብዬ ሳነብ ነው የተገለጠልኝ። ለካ የማውቃቸው ሦስት ቃላት ናቸው፤ ተቃቅፈው ነበር።

ሌላዋን ትንሽ ቃል «ኦን»ን ብትጨምሩበት ደግሞ እንደገና ሌላ ነው። «ሺ ፒክድ አፕ ኦን ኢት» ማለት ማንም ሳይነግራት ነቃች፣ ገባት ማለት ነው። የአራዳው ቋንቋ «ነቄ ናት» የሚለው። እዚህ ላይ «ኢት» መጨረሻ ላይ መሆኗን ልብ በሉ። አማርኛውም የሚገርም ነው። «ነቃ» ከእንቅልፍ ነው። «ነቃበት» ግን ተንኮሉን ደረሰበት ነው። አሁንም ያቺው «በት» ናት ሥራውን የሠራችው።

ብዙ ሰው ፍሬዛል ቨርብን የዱርዬ ቋንቋ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ፖስታ ቤቱም በጽሑፍ ይጠቀሙበታል። ልዩነቱ የአለባበስ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በነበሩት ዘመናት የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቃል ከፈረንሳይኛ፣ የሊቃውንቱ ከላቲን ጎረፈ። ትንንሾቹ የአገሬው ቃላት ግን በቤትና በገበያ ቀሩ። ስለዚህ ለአንድ ነገር ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል አለ። ቀጠሮ ማራዘም በቤት ልብስ «ፑት ኦፍ» ነው፣ በክት ልብስ «ፖስትፖን»። እኛ «ጨረሰ» እና «ፈጸመ» እንደምንለው፤ አንዱ የሰፈር፣ አንዱ የግዕዝ ሽታ ያለው።

«ፒክ አፕ»ም የክት ልብስ የለበሱ ወንድሞች አሉት። ዕቃ ከሆነ «ኮሌክት»፣ ችሎታ ከሆነ «አኳየር»፣ ካቆሙበት መቀጠል ከሆነ «ሪዚዩም»። መደበኛ ደብዳቤ ላይ እነሱ ያምራሉ። እንግሊዝ አገር «ኮሌክት» ለልጅም ለዕቃም በአፍ ይነገራል። «አኳየር»ን ግን ከወረቀት አታስወጧት። «ልጄን ከትምህርት ቤት ልኳየር ነው» የሚል ሰው የሰው ልጅ ሊወስድ የመጣ ነው የሚመስለው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። «ሂ ፒክድ ሀር አፕ አት ዚ ኤርፖርት» ካሉ ተቀበላት ነው። «አት ኤ ባር» ካሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያው ተዋወቃት፣ ጀንጅኖ ይዟት ሄደ ነው። «ፒክ አፕ ላይን» የሚባለውም የጀንጃኞች መክፈቻ ንግግር ነው። ስለዚህ የሰው ሚስት ከሥራ ቦታዋ መኪና ይዛችሁ ካመጣችኋት ቦታውን ጥርት አድርጋችሁ ተናገሩ።

መኪና ካልን አይቀር፣ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ አገራችን የገባው «ፒካፕ» ነው። ደብል ጋቢና፣ ነጠላ ጋቢና ብለን ተቀብለነዋል። «ጋቢና»ው ከጣሊያንኛ፣ «ፒካፕ»ዋ ከእንግሊዝኛ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው ከኋላው ጭነት መያዣ የተገጠመለት ሞዴል ቲ ይሄንን ስም ይዞ ነበር። ሎጋን ስሚዝ ፍሬዛል ቨርብ የሚለውን ስም ባስተዋወቀበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ግን ወድጄዋለሁ። ስም ሲሆን በአሜሪካ አጻጻፍ አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል፤ ድምፁም «ፒክ» ላይ ይጠነክራል። ግስ ሲሆን ሁለት ቃል ነው፤ ጉልበቱ «አፕ» ላይ ይወድቃል።

ቃሉን ጨርሼ ያወቅኩት በመሰለኝ ጊዜ ደግሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ወንበሯ ላይ ተዘርግታ «አይ ኒድ ኤ ፒክ ሚ አፕ» አለች። ወዲያው የመኪና ቁልፌን አወጣሁ። ቤቷ ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁና በየት በኩል እንደምንሄድ ማሰብ ጀምሬያለሁ። እሷ ቁልፉን አየችና ሳቀች። «ፒክ ሚ አፕ» ሦስቱም ቃል ተጣብቆ ስም ሲሆን ሰው የሚያነቃቃ ነገር ነው። ቡና ፈልጋ ኖሯል። እናቴ ጀበናዋን ስትጥድ «ራሴን ልፍታው» የምትለው ዓይነት። ጥግ ያለው ካፌ ሄደን ጠጣን። ሒሳቡን ፒክ አፕ ያደረገችው ግን እሷ ናት፤ አልታገልኳትም።